ወደ ኋላ መሄድ የማታውቀው መኪናዬ

ስለ መኪና የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ሲመጣ ዳር መያዝ፣ ካለፈ በኋላ አቧራ ማራገፍ። በዚህ እውቀት ሰው መኪና ሠራ ቢሏችሁ አትመኑ። እኔም ራሴ አንዳንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ግቢዬ ውስጥ እንደ ታመመች ላም አንገቷን ደፍታ ሳያት፣ «ይቺን ደግሞ ማን አምጥቶ አቆማት?» እላለሁ። እስቲ ጊዜ ያላችሁ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ። ጊዜ የሌላችሁም አትዘኑ፤ ስታረጁ ይመጣል።

ሥራዬ እንጨት ነው። ላሊበላ ውስጥ በርና መስኮት፣ ቁም ሳጥንና አልጋ፣ ሲታዘዝ ደግሞ አትሮንስ እሠራለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ላይ ስደርስ አቋርጫለሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ መጋዝ ነው። መጋዝ ሲቆጣ ተማሪውን አያንበረክክም፤ ጣቱን ነው የሚጠይቀው። እስካሁን አንድ ግማሽ ብቻ ነው የሰጠሁት፤ ጎበዝ ተማሪ ነበርሁ ማለት ነው።

ነገሩ የመጣው በታላቅ እህቴ በእትዬ ሙሉ ነው። እናታችን ላሊበላ አቅራቢያ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበረችው፤ እኔ ያኔ ገና ከጀርባ አልወረድሁም፤ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ኋላ እሷ ዋድላ ውስጥ ኮን ለባል ተሰጠች። ኮን ወለደች፣ ኮን ባሏን ቀበረች፣ ኮን ላይ ጉልበቷ ከዳት። አምና ልጠይቃት ስሄድ ከደጅ መደብ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ወንድም ዓለም፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። እማዬ መቃብር ላይ ቁጭ ብዬ አላለቀስሁም።»

«በቀብሯ ቀንስ?»

«አንተን አዝዬ ነበራ! እንዳትደነግጥ ብዬ ዋጥሁት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሥራ በዛ።»

ሰባ ዓመት ግድም ሥራ በዛባት ማለት ነው። እኔ የምኖረው ከገነተ ማርያም ብዙ ሳልርቅ ነው፤ ይህን ስሰማ ከመደቡ ብድግ አልሁ። «ይኸውልሽ፣ በአውቶቡስ እወስድሻለሁ» አልሁ።

ፊቷ ጠቆረ። እትዬ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍራ ታውቃለች። የአገራችንን አውቶቡስ ታውቁት የለም? አንድ ሰው መስኮት በጣት ስፋት የከፈተ እንደሆነ ሁሉም በአንድ አፍ «ዝጋው! ብርዱ ሊገድለን ነው!» ይላል። የዋድላ ገበሬ ውርጭ ላይ አድሮ፣ በረዶ ሲወርድበት አርሶ ምንም ያልሆነ ሰው ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ግን አንዲት ቀጭን ነፋስ ትገድለዋለች። እትዬ ከኮን ጋሸና እስክትደርስ ነፍሷ ልትወጣ ነበር፤ ቁርሷን የመለሰችውም በማታውቃት ሴት ነጠላ ላይ ነው። ያን ቀን ማለች፤ «ከእንግዲህ መስኮቱ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ የምገባው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ጊዜው ሲደርስ።»

«እሺ በቅሎስ?»

«በየትኛው ጉልበቴ ኮርቻ ልጨብጥ?»

«በቃሬዛ እናሸክምሽ?»

«ቃሬዛ ለበሽተኛ ነው። አረጀሁ እንጂ መቼ ታመምሁ?»

መንገዱን ሁሉ ሳስብ ተመለስሁ። ለእህቴ የሚያስፈልጋት መስኮት የሌለው፣ ጣሪያ የሌለው፣ እንደ ወንበር የሚያስቀምጥ፣ እንደ በቅሎ የሚያነፍስ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ማን ይሠራል? ማንም አይሠራም። የሰው ልጅ ማንም የማይሠራውን ነገር ሲፈልግ ነው ዕብደት የሚጀምረው።

በማግስቱ ብረት በያጁ ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። ሰይድ ጎረቤቴ ነው፤ እኔ በሩን ስሠራ ማጠፊያውን እሱ ይሠራል። ግቢው ጥግ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ወድቆ፣ መቀመጫው ላይ ዶሮ ታቅፍበታለች።

«ሰይድ፣ ይህ ሞተር ይነሳል?»

«ዶሮዋ ከተነሳችለት ይነሳል። ምን ሊያደርጉት ነው ጋሼ?»

«መኪና ልሠራበት።»

የብየዳ መነጽሩን አወለቀና ትኩር ብሎ አየኝ። «ወላሂ ጋሼ፣ ፀሐይ ነው ወይስ ጾም?»

«እህቴ ናት» አልሁትና ነገሩን ከእማዬ መቃብር እስከ ሴትዮዋ ነጠላ አጫወትሁት። ሳበቃ ተነሣና ዶሮዋን አባረራት።

ዘጠኝ ወር ሠራንባት። ሰይድ ቧንቧ ብረት በይዶ አጥንቷን አቆመ። የፊት እግሮቿ ከተሰበረ ባጃጅ የመጡ ናቸው፤ መሪዋ ከአንድ የወዳደቀ የጭነት መኪና የወረደ ሆኖ ሰፌድ ያህላል፤ ስጠመዝዘው እህል የማበጥር እመስላለሁ። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በካቴና ጎማውን ይጎትታል። መቀመጫው የእኔ ድርሻ ነበር። እኔ ደግሞ እጄ የለመደው አልጋ ነው፤ መደገፊያውን ልሠራ ተነሥቼ ሳላስበው ራስጌ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ያውም ከነሐረጉ፣ ከነመስቀሉ። ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ «አልጋው እንኳ አምሮበታል፤ ሞተሩን መቼ ነው የምታነሱለት?» አለች።

ሲያልቅ ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልንገርዎ» አለኝ። «የሞተር ሳይክል ሞተር ወደ ኋላ የሚባል ማርሽ የለውም። ወደፊት ብቻ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ወደ ኋላ ምን አለኝ?» አልሁት። ሽማግሌ ሲመጻደቅ እንዲህ ነው።

«የእጅ ፍሬንም ገና ነው። ዕቃው እስኪገኝ ዳገት ላይ ካቆሟት ትንሸራተታለች።»

«ገመድ አለኝ» አልሁ። በቅሎ ሲታሰር እንጂ የእጅ ፍሬን ሲደረግለት አላየሁም። አዎ፣ በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የማን ገመድ እንደሚያጥር አላሰብሁም።

አነሣሷም የበቅሎ ተቃራኒ ነው። በቅሎ ሰው ትረግጣለች፤ ይቺ ደግሞ ካልረገጧት አትነሣም። አንዳንዴ በሦስት እርግጫ፣ ቀን ሲከፋ በሠላሳ።

አሁን የእኔን ጉድ ልናዘዝ። ሰይድ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሹን አንድ ወር ሜዳ ላይ አስተማረኝና ወደ ከተማ አስገባኝ፤ እሱ ከኋላ በእግሩ ይከተለኛል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ስደርስ ሰውነቴ እኔን ሳይጠይቅ ወረደ። ታቦት ባለበት ደጅ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ማለፍ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ወርደህ፣ ተሳልመህ፣ ልጓሟን ይዘህ በእግርህ ታልፋለህ፣ ኋላ ትወጣለህ። በቅሎም ጌታዋ ሲወርድ ትቆማለች፤ ሥርዓት ታውቃለች። እኔም ወረድሁ፤ መሬት ሳምሁ፤ ቀና ስል መኪናዋ የለችም።

«ጋሼ! ኧረ መኪና ነው! መኪና ነው እኮ!» ሰይድ ሽርጡን ሰብስቦ ያባርራታል። የአንዱን አጥር ጥሳ ጎመኑ መሃል ገብታ ቆመች።

«መሪውን ይዘው ማማተብ ይበቃል» አለኝ እያለከለከ። «ሹፌር ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

«አንተ ሙስሊም ሆነህ የእኛን ሥርዓት ልታስተምረኝ ነው?»

«ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ ጋሼ፤ ከቅዳሴው በቀር የማላውቀው የላችሁም።»

ሞከርሁ። እጄ እሺ አለ፤ እግሬ እምቢ አለ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ መኪናዋን ከዛፍ ማሰር፣ ወርዶ መሳለም፣ መፍታት፣ እንደገና መርገጥ። ለሌላ አገር ሰው ይህ ቀላል ነው። ላስታ ውስጥ ግን አንዱን ተሳልመህ ቀና ስትል የሌላው ጉልላት ያይሃል። ያን ጊዜ ነው አባቶቻችን ለምን ቀስ ብለው ይሄዱ እንደነበር የገባኝ።

በአንድ ቅዳሜ ስንቄን ይዤ ወደ ኮን ተነሣሁ። ዳገቱን ግማሹን እሷ ተሸከመችኝ፣ ግማሹን እኔ ገፋኋት። አንድ መንደር አፋፍ ላይ ቆሜ ሞተሩን ሳበርድ ሦስት ሴቶች ገብስ በማዳበሪያ ተሸክመው እየሮጡ መጡ።

«አባባ፣ ስንት ስንት ነው የምትፈጩ?»

ለካ ድምፁን ሰምተው ተሽከርካሪ ወፍጮ መጣልን ብለው ኖሯል። መኪና መሆኗን ብነግራቸው አንዷ ሞተሩንም እኔንም ተራ በተራ አየችና፣ «ወፍጮ ቢሆን ይሻልዎት ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ገብሱን ተሸክመው ሲመለሱ እኔም አዘንሁ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ትራፊክ አስቆመኝ። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረ።

«አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አንተ ምን ትለዋለህ ልጄ?»

«ሞተር ሳይክል እንዳልል አራት እግር አለው። መኪና እንዳልል…» ራስጌውን በጣቱ ነካ አደረገና ሐረጉን ተከትሎ መስቀሉ ላይ ሲደርስ ጣቱን ሰበሰበ። «የት ነው የሚሄዱበት?»

ነገርሁት። መንገዱን በእጁ አሳየኝና፣ «ጋሪ ነው ብዬ ልለፍዎ። ግን እንደ ጋሪ ዳር ዳሩን፣ ቀስ ብለው» አለኝ። አመስግኜ ሄድሁ፤ ፈረሱ የታለ ብሎ እንዳይጠራኝ ግን እስክሰወር ድረስ ዞሬ አላየሁም።

ኮን በሁለተኛው ቀን ደረስሁ። እትዬ ምርኩዟን ይዛ ብቅ አለች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«መስኮት የላትም።»

«የላትም።»

«ጣሪያስ?»

«እሱም የላትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ሰው ሆንህ!» አለችና በእኔና በጎረቤቶቿ ተደግፋ ራስጌው ላይ ደገፍ አለች። ጎረቤቶቿ ጋቢ ደራረቡላት፤ አንዷ ደግሞ እንዳትወድቅ በመቀነት ከመደገፊያው አሰረቻት። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እትዬ፣ «ምነው፣ ለባል ስሰጥ ያላለቀሳችሁትን ነው?» አለች። ለባል ስትሰጥ ግማሾቹ አልተወለዱም ነበር።

እትዬን አላስመለሳትም። ነፋሱ ነጠላዋን ሲያርገበግበው ዓይኗን ጨፍና ትስቅ ነበር። ችግሩ ሌላ ሆነ፤ በመንገድ የተገኘውን ሰው ሁሉ ሰላም ካላልን አለች።

«እትዬ፣ መኪና ውስጥ እኮ ነን።»

«ታዲያ? ዝም ብለን የምናልፈው ሰርቀን ነው?»

የእኛ ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው ደኅና መሆኑን ጠይቀህ አታበቃም፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ያቺ ታማ የነበረችው አማቱ አለች። ሞተሩ በርቶ አይሰማም፤ ስለዚህ ይጠፋል። ሰላምታው ሲያልቅ እርግጫ ነው። ቀኝ እግሬ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ከግራው አንድ ጣት ያጠረ ይመስለኛል።

ከጋሸና ሳንደርስ ናዳ መንገዱን አጥብቦት አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ ቦታ ገባን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሰው የጫነ ትልቅ መኪና ከፊት መጣ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«አባባ፣ ወደ ኋላ ይበሉ!»

«ወደ ኋላ አታውቅም!»

«ማን ነው የማያውቀው? እርስዎ ነዎት መኪናዋ?»

«ሁለታችንም!»

እሱም እንዳይመለስ ከኋላው ሌላ ሁለት መኪና ተደርድሯል። ወርጄ ልጎትታት ብል ከእትዬ ጋር ከበደችኝ፤ እትዬን ላወርድ ብል መውረጃዋ በገደሉ በኩል ነው። ይህን ያየ ተሳፋሪ ሁሉ እየዘለለ ወረደ። ስምንት ወንድ አራቱን ማዕዘን ያዘና «ያዝ! አንሣ!» ብሎ መኪናዋን ከነእህቴ ትከሻው ላይ አደረጋት።

እትዬ ከላይ ሆና፣ «አቤት! ገና ሳልሞት ተሸከማችሁኝ!» አለች።

«እማማ፣ ለልምምድ ነው!» አላት አንዱ፤ መንገዱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሲያነሷት የወለቀውን መሪዬን እንደ ጋሻ ይዤ ከኋላ ስከተል፣ ቃሬዛ የምከተል ሰው ሆኜ ራሴን አየሁት። ከኋላችን የነበረው ሰፊ ቦታ ላይ አስቀምጠዋት ሲሄዱ እትዬም ሳቋን ጨርሳ ሰማዩን ታይ ነበር።

«ምን አየሽ?» አልኋት መሪውን ወደ ቦታው እየመለስሁ።

«ከዚያ ላይ ሲያዩት ሰማዩ ደኅና ነው» አለች። «አትፍራ፣ ሂድ።»

ጋሸና ዘመድ ቤት አድረን፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ የገነተ ማርያም ዛፎች ከሩቅ የሚታዩበት አፋፍ ደረስን። ያን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ባለ በቅሎ ሁሉ የሚወርድበት ነው። አጠፋሁና ወረድሁ። የማስርበት ዛፍ ስፈልግ እትዬ መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ልወርድ ነዋ።»

«ገና ሩቅ ነው እኮ! ደጁ ድረስ አደርስሻለሁ። አሁን እኔ እሳለምልሻለሁ።»

«ለእኔ አንተ ትሳለምልኛለህ? ስራብስ ትበላልኛለህ?» ዓይኗ ዛፎቹ ላይ ነው። «እናቴ ያለችበትን ደጅ ተቀምጬ አልገባም። አውርደኝ።»

ዘጠኝ ወር የለፋሁት እዚህች ጋ እንዳትራመድ ነበር። ግን የእኔ እግር እምቢ ያለውን፣ የእሷ እሺ ሊል ነው? ያሳደገችኝስ እሷ አይደለችም? ያን ወርዶ መሳለም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ብብቷን ይዤ አወረድኋት። ክብደቷ ሁሉ ክንዴ ላይ አረፈ። በዚህ ጊዜ ከኋላዬ «ጭርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«መኪናዋ!» አለች እትዬ።

«አየኋት።»

«ያዛት እንጂ!»

«አንቺን ማን ይያዝሽ?»

አልለቀቅኋትም። ሁለታችን ተያይዘን ቆመን አየናት። የሚገርማችሁ፣ እኔ ስነዳት እንደዚያ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም። ቁልቁለቱን በሥርዓት ወረደች፣ ጠመዝማዛው ላይ ግን አልዞረችም፤ የገበሬ እርከን ዘላ አፍንጫዋን ተከለች። ራስጌው ተነቅሎ እየተንከባለለ ገብሱ መሃል ቆመ። ማሳው ውስጥ የነበረ አንድ ገበሬ ማጭዱን ይዞ ቀና አለና ራስጌውን አየ፣ እኛን አየ፣ እንደገና ራስጌውን አየ።

«አልጋችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ስትስቅ ጉልበቷ ይባስ ከዳትና ደግፌ ልይዛት ስል እኔም ሳቄ መጣ። ዘጠኝ ወር ገደል ገባ ብሎ የሚያዝን ሰው መሆን ነበረብኝ፤ ኋላ አዘንሁ። ሰይድም በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ሊያመጣት ሲመጣ አይቷት ጭንቅላቱን ነቀነቀና የመጫኛውን ገመድ ወረወረልኝ።

የቀረውን መንገድ በእግራችን ወረድን። ሌላው ሰው ሩብ ሰዓት የማይፈጅበትን እኛ አንድ ቅዳሴ የሚያህል ጊዜ ሄድንበት። አሥር እርምጃ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ። አሥር እርምጃ፣ ቁጭ። በየድንጋዩ አንድ ነገር ታጫውተኛለች፤ እማዬ ረጅም እንደነበረች፣ ስትቆጣ ዝም እንደምትል፣ ጥርሷ መሃል ክፍተት እንደነበረው። ሰባ ዓመት ያልሰማኋትን እናቴን በአንድ ቁልቁለት ሰማኋት። በመኪና ብንወርድ ሞተሩ ይጮህ ነበር።

ደጁን ተሳልመን ወደ መቃብሩ ዞርን።

«የቷ ናት?» አለች።

እኔ ቅርብ ነዋሪ ነኝ ብዬ ፊት ፊት ሄጄ ወይራው ሥር ያለውን የድንጋይ ክምር አሳየኋት። እትዬ አየችውና አንገቷን ነቀነቀች።

«ይቺ አይደለችም። ያቺ ናት» ብላ ሦስት እርምጃ ወዲያ ያለውን ክምር በምርኩዟ ጠቆመች።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ከሄድሽ ስንት ዘመንሽ ነው!»

«አንተስ ከመጣህ ስንት ዘመንህ ነው?»

ለሌላው ሰው ሬሳ ሳጥን እየሠራሁ፣ ለሌላው ቀብር እየደረስሁ፣ እዚህ የረገጥሁት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ብል አቃተኝ። ድምፃችንን ሰምተው የመቃብሩ ጠባቂ አባ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

«የማንን ነው ልጆቼ?» አሉን። በእኛ ዕድሜ ልጆቼ የሚለን ሲገኝ ደስ ይላል።

«የእናታችንን ነው አባ» አልሁና ሁለቱንም ክምር አሳየኋቸው። «ከሁለት አንዷ ናት። እርስዎ ያውቁ እንደሆነ?»

አባ ሁለቱንም ክምር በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። «እኔ እዚህ ከመጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እነዚህን ሁለቱን ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም።»

ሊያስቀይሙን ብለው አይደለም፤ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን መሬቱን አየሁ። እትዬ ሁለቱን ክምሮች ተራ በተራ እያየች ቆየች። ከዚያ እጄን ለቀቀችና በምርኩዟ ብቻ ተራምዳ በሁለቱ መሃል ሄደች፤ ቀስ ብላ ወረደችና ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አንድ እጇን በአንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱን በሌላው ላይ አኖረች።

«ሌላዋም ጠያቂ የላትም ማለት ነው» አለች። «ና፣ አንተ በወይራው በኩል ቁጭ በል። ይህን ያህል ዘመን የተጠራቀመ እንባ ለሁለት ይበቃል።»